አንድ ዓይን ያለው ጠላት፦ የወይና ደጋ ጦርነት ሥዕልና አነባበቡ

በአገራችን ባህላዊ ሠዓሊዎች እጅ ደጋግመው ከተሣሉት ታሪኮች መካከል የንግሥተ ሳባ ጉዞ፣ የዐድዋ ድልና የወይና ደጋ ጦርነት ይገኙባቸዋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያለ ብዙ ሐሳብ አይቶ ያልፋቸዋል። ሦስተኛው ግን እንደ ተመልካቹ ይለያያል። ለአንዱ የአገር መዳን ነው፤ ለሌላው የአንድ ኢማም ሞት ነው። በአንድ ክፍል፣ በአንድ ወንበር የተቀመጡ ሁለት ተማሪዎች ያንኑ ሥዕል አይተው የተለያየ ስሜት ይዘው ሊነሡ ይችላሉ።

ይህን የምንጽፈው በሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ሆነን ነው። ሐዋሳ ከአገሪቱ ማዕዘናት የመጡ ሰዎች የሚኖሩባት ከተማ ናት፤ በትምህርት ቤቶቿም የሙስሊሙ፣ የፕሮቴስታንቱና የኦርቶዶክሱ ልጅ ጎን ለጎን ይማራሉ። ስለዚህ ጉዳዩ ለእኛ የሥነ ጥበብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። መምህሩ በታሪክ ክፍለ ጊዜ፣ ኢማሙም ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ወጣቶች ሲጠይቁት፣ ስለዚህ ሥዕል የሚለው ነገር ሊኖረው ይገባል። የመጣጥፋችን ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ የወይና ደጋ ሥዕል ስለ ጦርነቱ ከሚነግረን ይልቅ ስለ ሠዓሊውና ስለ ዘመኑ የሚነግረን ይበልጣል፤ ተገቢው መልስም ሥዕሉን ገልብጦ መሣል ሳይሆን ሥዕሉ የተዋቸውን ሰዎች ወደ ታሪኩ መመለስ ነው።

ጦርነቱ

ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም አል-ጋዚ በመጋቢት 1521 ዓ.ም. (በ935 ሒጅራ) በሽምብራ ኩሬ የዐፄ ልብነ ድንግልን ሠራዊት ድል አደረጉ። ከዚያ በኋላ በተከታታይ በተደረጉት ዘመቻዎች የመንግሥቱ አብዛኛው ግዛት በእጃቸው ገባ። ዐፄ ልብነ ድንግል በ1533 ዓ.ም. መጀመሪያ በደብረ ዳሞ ሲያርፉ ዙፋኑን የወረሱት ልጃቸው ገላውዴዎስ ገና ወጣት ነበሩ። በዚያው ዓመት በክሪስቶቫው ዳ ጋማ የሚመሩ ወደ 400 የሚጠጉ ፖርቱጋላውያን ነፍጥ ይዘው በምጽዋ በኩል ገቡ። ኢማሙም በበኩላቸው ከየመን ከቱርኮች ዘንድ ነፍጥ ተኳሾችን አስመጡ። በነሐሴ 1534 ዓ.ም. በወፍላ ድሉ የኢማሙ ሆነ፤ ዳ ጋማም ተማርኮ ተገደለ። ከዚህ ድል በኋላ ኢማሙ ከ200 ያህሉ በቀር የቱርክ ተኳሾችን አሰናበቱ። ጥቂት ወራት ቆይቶ፣ በየካቲት 1535 ዓ.ም. (በ949 ሒጅራ)፣ ዐፄ ገላውዴዎስ ከተረፉት 70 ያህል ፖርቱጋላውያን ጋር ሆነው ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በምትገኘው ወይና ደጋ ገጠሟቸው። ኢማሙ በነፍጥ ተመትተው ወደቁ፤ ሠራዊታቸውም ተበተነ።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። የኢማሙን ዘመቻዎች በዝርዝር የመዘገበው የሺሃቡዲን አሕመድ (ዐረብ ፈቂህ) መጽሐፍ ፉቱሕ አል-ሐበሻ፣ ለእኛ የደረሰን ክፍሉ ከወይና ደጋ ቀድሞ ይቆማል። ስለዚህ የኢማሙን አሟሟት በዝርዝር የሚነግሩን የዐፄ ገላውዴዎስ የግእዝ ዜና መዋዕልና የፖርቱጋሎች ዘገባዎች ናቸው። ከፖርቱጋሎቹም ዋነኛው ከዳ ጋማ ጋር የዘመተው ሚጌል ዴ ካስታንዮሶ ሲሆን ጽሑፉ በ1564 እ.ኤ.አ. በሊዝበን ታተመ። ሥዕሉም የሚከተለው ይህንኑ የአሸናፊውን ወገን ትረካ ነው። ይህ ማለት ትረካው ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ ከአንድ ወገን የመጣ ነው ማለት ነው። ምስክርን ከመቀበል በፊት ማንነቱንና ቦታውን መመርመር የሐዲስ ሊቃውንት ያስተማሩን ሥርዓት ነውና፣ ያንኑ ጥንቃቄ በሥዕልም ላይ ልናውለው ይገባል።

የሥዕሉ ቋንቋ

በጨርቅ ላይ የሚሣለው የታሪክ ሥዕል በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአዲስ አበባ የተስፋፋ ጥበብ ነው። ሠዓሊዎቹ ሥልጠናቸውን ያገኙት ከቤተ ክርስቲያን የሥዕል ትውፊት ነበር፤ ገዢዎቻቸው ደግሞ መኳንንትና የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። እንደ በላቸው ይመር ያሉት ቀደምት ሠዓሊዎች ለንግሥተ ሳባና ለዐድዋ ሥዕል ያበጁት አሣሣል ከእነርሱ በኋላ ለመጡት መንገድ ሆነ። እንግዲህ የወይና ደጋን ሥዕል የሣሉት እጆች ከጦርነቱ ወደ 400 ዓመት ያህል ይርቃሉ። ሠዓሊው ያየውን አልሣለም፤ የሰማውንና ገዢው ሊያየው የሚሻውን ሣለ።

በእነዚህ ሥዕሎች ሁለት ሠራዊት ፊት ለፊት ይቆማሉ። በአንዱ ወገን ዐፄ ገላውዴዎስና ሠራዊታቸው፣ በሌላው ወገን የአዳል ጦር፤ የትረካውም ልብ ኢማሙ ተመትተው ከፈረሳቸው ሲወድቁ ነው። መሬቱ ርቀትን አያሳይም፤ የቅርቡም የሩቁም በአንድ ሜዳ ላይ ተደርድሮ ይታያል። ቀለሙ ብሩህና ያልተቀየጠ ነው፤ የሰዎቹ ስም ብዙ ጊዜ ከአጠገባቸው በአማርኛ ይጻፋል። ይህ አሣሣል ከችሎታ ማነስ የመጣ አይደለም። ሥዕሉ እንደ ጽሑፍ እንዲነበብ፣ ማንም ሰው ማን ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ እንዲለይ ሆን ተብሎ የተቀመረ ነው። በዚህ ረገድ ሠዓሊዎቹ የሚመሰገኑበት ግልጽነት አላቸው።

ከዚህ የሥዕል ቋንቋ ሕግጋት ሁሉ ለጉዳያችን ዋናው የፊት አሣሣል ነው። በኢትዮጵያ የሥዕል ትውፊት ደጉ ሰው ሁለት ዓይኖቹ እየታዩ በሙሉ ፊት ይሣላል። ክፉው ወይም ጠላቱ ግን ፊቱ ወደ ጎን ዞሮ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሰይጣንንና አሳዳጆችን የሚያሳየው በዚህ መንገድ ነው፤ ወደ ጦርነት ሥዕልም የተሻገረው ከዚያ ነው። በወይና ደጋ ሥዕልም የኢማሙ ጦር ብዙ ጊዜ በአንድ ዓይን ይታያል።

ሙስሊም ወጣት ይህን ሲረዳ የሚሰማው ቅሬታ ባዶ አይደለም። ሆኖም ፍርድ ከመስጠታችን በፊት ሕጉን በሌላ ሥዕል ላይ እንፈትነው። በዐድዋ ሥዕል ኢትዮጵያውያን በሙሉ ፊት፣ ጣሊያኖች በጎን ይሣላሉ። ጣሊያኖቹ ክርስቲያኖች ናቸው። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ ከዘመተው የኢትዮጵያ ሠራዊት ውስጥ ደግሞ ሙስሊሞች ነበሩ፤ በሥዕሉም ከወገናቸው ጋር በሁለት ዓይን ይቆማሉ። ስለዚህ አንዱ ዓይን የሚለየው ሙስሊሙን ከክርስቲያኑ አይደለም፤ ጠላትን ከወገን ነው። ሕጉ የሃይማኖት ፍርድ ሳይሆን የሰልፍ ምልክት ነው።

ይህ ልዩነት ለመምህር ትልቅ ነገር ነው። በዐድዋ ሥዕል ላይ «ጠላት» ማለት ከባሕር ማዶ የመጣ ወራሪ በመሆኑ፣ ከክፍሉ ልጆች አንዱም ራሱን በጠላቱ ፊት ውስጥ አያይም። በወይና ደጋ ሥዕል ግን ጠላት የተባለው ወገን ከተማሪዎቹ የአንዳንዶቹን ስም፣ ጥምጣምና ሃይማኖት ይዞ ቀርቧል። ሕጉ አንድ ነው፤ የሚያደርሰው ጉዳት ግን አንድ አይደለም። ስለዚህ ጉዳቱን ከሠዓሊው ክፋት ሳይሆን፣ ለውጭ ጠላት የሚሠራውን ምልክት በአንድ አገር ልጆች መካከል ለተደረገ ጦርነት ከማዋሉ እንፈልገው።

በሥዕሉ ውስጥ የሌሉት

ሥዕሉ ጦርነቱን ሁለት ንጹሕ ሰልፍ አድርጎ ያቀርበዋል፤ በዚህ ወገን ክርስቲያን፣ በዚያ ወገን ሙስሊም። ምንጮቹ ግን እንዲህ ጥርት ያለ መስመር አይሰጡንም። ፉቱሕ ራሱ ከንጉሡ ወገን ተለይተው ወደ ኢማሙ የገቡ መኳንንትንና ወታደሮችን ደጋግሞ ይጠቅሳል። በሁለቱም ወገን ከባሕር ማዶ የመጡ ተኳሾች ነበሩ፤ ፖርቱጋላውያኑም ቱርኮቹም በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ ንግድ ላይ የያዙትን ፉክክር ወደ አገራችን ደጋ ይዘውት መጥተዋል። የገበያ መንገድ፣ የግብር ጥያቄና የድንበር ግዛቶች ጉዳይ ከሽምብራ ኩሬ በፊት ለብዙ ዘመን የቆየ የጠብ ምክንያት ነበር።

ከሥዕሉ የጎደለች አንዲት ሴት ይህን ከሁሉ ይልቅ ታስረዳናለች። ንግሥት እሌኒ የሐዲያው ገራድ የመሐመድ ልጅ ነበሩ፤ ከሙስሊም ቤት ተወልደው የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሚስት ሆኑ። ዐፄ ልብነ ድንግል ገና ልጅ ሳሉ የመንግሥቱን ሥራ ይመሩ ከነበሩት ቀዳሚዋ ናቸው። ማቴዎስ የተባለውን አርመናዊ መልእክተኛ አድርገው ወደ ፖርቱጋል የላኩትም እርሳቸው ነበሩ፤ መልእክተኛውም በ1514 እ.ኤ.አ. ሊዝበን ደረሰ። ፖርቱጋላዊው ነፍጥ ተኳሽ በወይና ደጋ ሜዳ ላይ እንዲቆም መንገዱን የጀመረችው ከሐዲያ የሙስሊም ቤት የወጣች ልጅ ነበረች ማለት ነው። በደቡብ ለምንኖር ለእኛ ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። ሐዲያ፣ ባሌና ደዋሮ በዚያ ዘመን በሁለቱ መንግሥታት መካከል ሆነው በጋብቻ፣ በግብርና በንግድ ከሁለቱም ጋር የተሳሰሩ ነበሩ። ይህን ትስስር በሁለት ዓይንና በአንድ ዓይን መክፈል አይቻልም።

ከሥዕሉ የጎደሉ ሌሎች ሁለት ሴቶችም አሉ። የዐፄ ልብነ ድንግል ሚስት እቴጌ ሰብለ ወንጌል ልጃቸው ሚናስ በአዳል ጦር ተማርኮ ነበር፤ በኋላም ወደ የመን ለቱርክ ፓሻ ተላከ። የኢማሙ ሚስት ባቲ ድል ወንበራ ደግሞ በወይና ደጋ ባላቸውን ሲያጡ ልጃቸው ሙሐመድ በዐፄ ገላውዴዎስ ሰዎች እጅ ወደቀ። ከጦርነቱ በኋላ ሁለቱ እናቶች ተደራድረው ልጅ በልጅ ተለዋወጡ። ሚናስ ወደ አገሩ ተመልሶ ከወንድሙ በኋላ ነገሠ። በወይና ደጋ ማግሥት ከተደረጉት ነገሮች ሁሉ ለዛሬ ልጆች ሊነገር የሚገባው ይህ ነው፤ ነገር ግን ሠዓሊዎች ደጋግመው የሣሉት የኢማሙን ውድቀት እንጂ የሁለቱን እናቶች ድርድር አይደለም።

ሥዕሉ በድሉ ቀን ቆሟል፤ ታሪኩ ግን አልቆመም። አሸናፊው ዐፄ ገላውዴዎስ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከትናንት ወዳጆቻቸው ጋር በሃይማኖት ጉዳይ ተከራክረው በ1555 እ.ኤ.አ. የኢየሱሳውያንን ስብከት የሚመልስ የእምነት መግለጫ ጻፉ። በመጋቢት 1551 ዓ.ም. (በ966 ሒጅራ) ደግሞ በፈጠጋር ጦርነት ከአሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ጋር ሲዋጉ ወደቁ። አሚር ኑር ባቲ ድል ወንበራን ያገቡ፣ የሐረርን የጀጎል ግንብ በማሠራትም የሚታወሱ ናቸው። እንግዲህ ሁለቱም መሪዎች በጦር ሜዳ ሞቱ። ከሁለቱ ሞት የመጀመሪያውን ብቻ መሣል ታሪክን በመካከሉ ቆርጦ መጨረሻ ነው ማለት ነው።

የእኛ ወገን ንባብ

የሌላውን ሥዕል ስንመረምር የራሳችንን መጽሐፍ ሳንመረምር ብንቀር ፍትሕ አይሆንም። ፉቱሕ አል-ሐበሻ የድል መጽሐፍ ነው። ጸሐፊው ለኢማሙ ወገን ቆሞ ይጽፋል፤ ተቃዋሚዎቹን የሚጠራበት ቃልም ይታወቃል። ሥዕሉ በአንድ ዓይን ያደረገውን እርሱም በብዕሩ አድርጎታል። ግን በዚያው መጽሐፍ ውስጥ በጥሞና ሊነበብ የሚገባው ስፍራ አለ። የኢማሙ ሠራዊት በ1524 ዓ.ም. በአምሐራ ወደነበረችው መካነ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ፣ ኢማሙና ባልደረቦቻቸው በወርቁና በሥዕሎቹ እጅግ መደነቃቸውን፣ ኢማሙም በሌላ አገር እንዲህ ያለ አይተው እንደሆነ አብረዋቸው የነበሩትን ዐረቦች መጠየቃቸውን ጸሐፊው ይተርካል። ከዚያ ቤተ ክርስቲያኒቱ ተቃጠለች። ጸሐፊው ድሉን ሲያወድስ ሳያስበው የጠፋውን ነገር ውበት መዘገበልን።

ለመምህርና ለኢማም ይህ አንቀጽ ከባድ ነው፤ ሊታለፍ ግን አይገባም። ክርስቲያኑ ጎረቤታችን የወይና ደጋን ሥዕል ሰቅሎ ሲያይ የሚያስበው የኢማሙን ሞት ብቻ አይደለም፤ የተቃጠሉትን አብያተ ክርስቲያናትም ያስታውሳል። ያ መታሰቢያ ከየትም የመጣ ሳይሆን የእኛው ጸሐፊ የመሰከረለት ነው። ሙስሊሙም ከወይና ደጋ በፊትና በኋላ በነበሩት ዘመናት የደረሰበትን ግፍ ያስታውሳል። ሁለቱም መታሰቢያዎች እውነት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይሽርም።

ሥዕሉን በሥዕል የመመለስ ፈተና የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በሞቃዲሾ ኢማሙ በፈረስ ላይ ሆነው የሚታዩበት ሐውልት ተሠርቶላቸዋል። በወጣቶቻችን ስልክም ኢማሙ እንከን የለሽ ጀግና፣ ተቃዋሚያቸው ደግሞ ፊት የሌለው ብዙኃን የሆነባቸው ምስሎች ይዘዋወራሉ። ይህ የሠዓሊውን ሕግ መሻር ሳይሆን መውረስ ነው፤ አንዱ ዓይን ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። የሱረቱል ማኢዳህ 8ኛ አንቀጽ ለሕዝብ ያለን ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያወጣን ያዝዛል፤ ይህ ትእዛዝ በዳኝነት ወንበር ላይ ብቻ ሳይሆን በታሪክ አተራረክም ላይ የሚሠራ ነው።

የሥዕል ፍርድና ሌላ ሥዕል

ከአንባቢያን አንዳንዶቹ ነፍስ ያለውን ነገር መሣል በሸሪዓ የተጠላ ከሆነ ስለ ሥዕል መጻፉ ራሱ ምን ይጠቅማል ሊሉ ይችላሉ። ምስል ሠሪዎችን የሚመለከቱ ብርቱ ማስጠንቀቂያዎች በትክክለኛ ሐዲሶች እንደመጡ የታወቀ ነው፤ ሊቃውንትም በዝርዝሩ ተነጋግረዋል። የእመቤታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ምስል ያለበት መጋረጃ ተወርዶ ለመደገፊያ ትራስ መዋሉ፣ የተሰቀለና የተከበረ ምስል ከዚያ ውጪ ካለው ለሚለዩት ሊቃውንት ማስረጃ ሆኗል። እኛ ሥዕሉ ይሰቀል አላልንም። ሰነድን መመርመር ሰነዱን ማክበር አይደለም፤ ልጆቻችን በየመንገዱና በየስልኩ የሚያዩትን ምስል እንዴት እንደሚያነቡት ማስተማር ከመምህር አደራ ውስጥ የሚቆጠር ነው።

ለማነጻጸሪያ የሚሆን ሥዕልም አለ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በታብሪዝ፣ የኢልኻኖች ቪዚር የነበረው ረሺዱዲን ጃሚዕ አል-ተዋሪኽ የተባለውን የዓለም ታሪክ በሥዕል አስጊጦ አስጻፈ። ዛሬ በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ከሚገኘው ቅጂ አንደኛው ሥዕል የሐበሻውን ነጃሺ ያሳያል፤ የመካ መልእክተኞች ስደተኞቹን ሙስሊሞች እንዲሰጧቸው ሲጠይቁ ነጃሺ እንቢ ሲሉ። ሙስሊም ሠዓሊ ስለ ሐበሻ ከሚተረከው ሁሉ መርጦ የሣለው አንድ ክርስቲያን ንጉሥ ለተሰደዱ ሰዎች ሲከራከር ነው። በዚያ ሥዕል የወደቀ ሰው የለም፤ የሥዕሉ ጉልበት አሳልፎ ባለመስጠት ላይ ነው።

የነጃሺን ሥዕል ያነሣነው ወይና ደጋን ለመሸፈን አይደለም። የሐበሻ ሒጅራ ታሪክ ብዙ ጊዜ የጦርነቱን ታሪክ ላለመናገር እንደ መጋረጃ ይሰቀላል፤ ያም ስሕተት ነው። ሁለቱም በአንድ አገር የተደረጉ ናቸው፤ ተማሪው ሁለቱን አንድ ላይ ማየት ይገባዋል።

ለመምህርና ለኢማም

ከዚህ ሁሉ በኋላ በክፍል ውስጥ ምን ይደረግ ለሚለው ጥያቄ ያለን ሐሳብ ጥቂት ነው። በመጀመሪያ የወይና ደጋን ሥዕል ብቻውን አታቅርቡት፤ ከዐድዋ ሥዕል ጋር ጎን ለጎን አድርጉትና ተማሪዎቹ የፊቶቹን ሕግ ራሳቸው እንዲያገኙት ተዉአቸው። ሙስሊሙ ተማሪ አንዱ ዓይን ለእምነቱ የተሰጠ ፍርድ እንዳልሆነ ይረዳል፤ ክርስቲያኑም ተማሪ ሥዕሉ የጦርነቱ ፎቶግራፍ እንዳልሆነ ይረዳል። ቀጥሎ ሥዕሉ መቼ፣ ለማን፣ ከየትኛው ወገን ትረካ ተነሥቶ እንደተሣለ ጠይቁ። በመጨረሻም በሥዕሉ ውስጥ የሌለ ማን ነው ብላችሁ ጠይቁ፤ የንግሥት እሌኒን፣ የእቴጌ ሰብለ ወንጌልንና የባቲ ድል ወንበራን ታሪክም አውሩላቸው።

ስለ ስምም አንድ ነገር እንበል። በሥዕሎቹ ላይ የሚጻፈው «ግራኝ» የሚለው ቅጽል በግራ እጅ መሥራትን የሚያመለክት ነው፤ በሶማልኛም «ጉሬይ» ተብሎ ይነገራል። ቃሉ በራሱ ስድብ አይደለም፤ አንዳንድ አፍ ላይ ግን ስድብ ሆኗል። መምህሩ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ብሎ በሙሉ ስማቸው ቢጠራቸው፣ ዐፄ ገላውዴዎስንም በማዕረጋቸው ቢጠራቸው፣ ልጆቹ ከትምህርቱ ቀድመው ከአነጋገሩ ይማራሉ።

ከጁሙዓ በኋላ ወጣቶች ወደ ኢማሙ ቀርበው «ያን ሥዕል እናውርደው?» ብለው ቢጠይቁት፣ በሌላው ቤትና በሌላው ገንዘብ ላይ እጅ መዘርጋት እንደማይፈቀድላቸው በግልጽ ይንገራቸው። ከዚያ ተቀምጦ ከላይ ያልነውን ታሪክ፣ መካነ ሥላሴንም ሳይደብቅ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያስረዳቸው።